በጆሮ ውስጥ የመስሚያ መሣሪያ ለተተከለላቸው ሰዎች የሳንባ ምች ክትባት ስለ ማስፈለጉ

ሕፃን ፊደልን በዓይኑ ለይቶ ከማወቁ በፊት የእናቱን ቃል በጆሮው ይቀበላል፤ የሰማውንም ቃል መልሶ በመናገር ቋንቋን ይማራል። ከልደቱ ጀምሮ ወይም በደዌ ምክንያት መስማት የተሳነው ልጅ ግን፣ አእምሮው ምንም ብሩህ ቢሆን፣ በንግግር ብቻ ከሚሰጠው ትምህርት ይቀራል። በዘመናችን የሐኪሞችና የመሐንዲሶች ጥበብ ተባብሮ እንዲህ ላሉ ለብዙ ሰዎች ድምፅን የሚያሰማ መሣሪያ አስገኝቷል። ነገር ግን መሣሪያው ወደ ጆሮ የሚገባበት መንገድ ለአንድ ክፉ በሽታ መግቢያ ሊሆን እንደሚችል ደግሞ ታውቋል። በሽታውን የሚከላከል ክትባት አለ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ አደጋው ምን እንደ ሆነ፣ ክትባቱ እንዴት እንደሚጠብቅ፣ መምህራንና ሽማግሎችም ምን ሊያደርጉ እንደሚገባቸው በአጭሩ ያስረዳል። የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ ስለ ጆሮና ስለ መሣሪያው አሠራር

የሰው ጆሮ በሦስት ይከፈላል፤ ይኸውም የውጭ ጆሮ፣ የመካከለኛ ጆሮና የውስጥ ጆሮ ይባላል። የውጭው ጆሮ ድምፅን ሰብስቦ ወደ ጆሮ ታምቡር ያደርሳል። ታምቡሩ በድምፁ ሲርገበገብ በመካከለኛው ጆሮ ያሉት ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች እንቅስቃሴውን ተቀባብለው ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያሻግሩታል። የውስጠኛው ጆሮ የመስሚያ ክፍል እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠማዘዘ ነው፤ ሊቃውንትም ኮክሊያ ብለው ይጠሩታል። በውስጡ ፈሳሽና እጅግ ረቂቅ የሆኑ ባለጠጕር ሕዋሳት አሉ። እነዚህ ሕዋሳት የፈሳሹን እንቅስቃሴ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ለውጠው በመስሚያ ነርቭ ወደ አንጎል ይልካሉ፤ ሰውም ድምፅን የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው።

ባለጠጕር ሕዋሳቱ አንድ ጊዜ ከሞቱ በሰው ላይ ተመልሰው አይበቅሉም። ድምፅን ከፍ የሚያደርገው ተራ የመስሚያ መሣሪያም፣ ድምፁን የሚቀበል ሕዋስ ከሌለ፣ ብዙ አይረዳም። ኮክሊያር ኢምፕላንት የሚባለው መሣሪያ ግን የሞቱትን ሕዋሳት አልፎ ነርቩን ራሱን በኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። መሣሪያው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ክፍል በውጭ፣ ብዙውን ጊዜ ከጆሮ ጀርባ የሚደረግ ሲሆን ድምፅን ይቀበላል፤ ቀምሮም በቆዳ ላይ አሳልፎ ወደ ውስጥ ይልካል። ሁለተኛው ክፍል በቀዶ ሕክምና ከቆዳ በታች በራስ ቅል አጥንት ላይ ይቀመጣል፤ ከእርሱም የወጣው ቀጭን የኤሌክትሮድ ሽቦ በመካከለኛው ጆሮ አልፎ ወደ ኮክሊያ ይገባል።

ይህ ጥበብ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። በ1957 በፓሪስ ዦርኖና ኤይሪዬስ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት መስማት ለተሳነው ሰው የመስሚያ ነርቭ የኤሌክትሪክ ኀይል ሰጥተው ድምፅ እንዲሰማው አደረጉ። በ1961 ዊልያም ሐውስ የተባለ ሐኪም በሎስ አንጀለስ መሣሪያ ተከለ። በ1978 ደግሞ ግሬም ክላርክ በአውስትራልያ በሜልቦርን ከተማ ብዙ ኤሌክትሮዶች ያሉትን መሣሪያ ተክሎ ንግግርን ለመለየት የሚያስችል መንገድ ከፈተ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ1984 ለአዋቂዎች፣ በ1990 ደግሞ ሁለት ዓመት ለሞላቸው ልጆች እንዲተከል ፈቀደ። መሣሪያው የተፈጥሮን ጆሮ በሙሉ አይተካም፤ ከተተከለም በኋላ ብዙ ልምምድ ያሻል። ቢሆንም ለብዙ ልጆች የንግግርን ትምህርት አስገኝቶላቸዋል።

2ኛ፤ ስለ በሽታው

ኒሞኮከስ የሚባል በዓይን የማይታይ ተሐዋሲ አለ። በ1881 ፓስተር በፈረንሳይ አገር፣ ስተርንበርግ በአሜሪካ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳይከተል፣ ይህን ተሐዋሲ አገኙት። በብዙ ጤነኞች ሰዎች፣ ይልቁንም በሕፃናት አፍንጫና ጕሮሮ ውስጥ ሳይጐዳቸው ይኖራል፤ በሳልና በማነጠስም ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ጠባዩ የሚለወጠው ከሰፈሩ ሲወጣ ነው። ወደ ሳንባ ቢወርድ የሳንባ ምች ያመጣል፤ ወደ መካከለኛው ጆሮ ቢገባ ጆሮን ያስመግላል፤ ወደ አንጎል ሽፋን ቢደርስ ግን ማጅራት ገትር ይሆናል። የማጅራት ገትር ስሙ ራሱ ምልክቱን ይናገራል፤ ማጅራትን የሚገትር፣ አንገትን የሚያደርቅ ነውና። ከበሽታው የዳኑት ብዙዎች እንኳ የመስማት ጕድለት፣ የአካል መስነፍ ወይም የአእምሮ ጕዳት ይተርፋቸዋል።

ከአፍንጫ ጀርባ ተነሥቶ ወደ መካከለኛው ጆሮ የሚደርስ ቀጭን ቧንቧ አለ። ቧንቧው በሕፃናት ዘንድ አጭርና የተጋደመ ስለ ሆነ፣ ጕንፋን የያዘው ልጅ ብዙ ጊዜ ጆሮውን ይታመማል። በጤነኛ ጆሮ ግን በመካከለኛውና በውስጠኛው ጆሮ መካከል ጥብቅ ግድግዳ አለ። መሣሪያ የተተከለለት ሰው ሽቦው የሚያልፈው በዚሁ ግድግዳ ነው። ሐኪሙ ቀዳዳውን በሥጋ ቍራጭ ይደፍነዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም በደኅና ይድናል። ሳይጠብቅ የቀረ እንደ ሆነ ግን ከጕሮሮ ወደ መካከለኛው ጆሮ የመጣው ተሐዋሲ ወደ ኮክሊያ ሊገባ ይችላል። የኮክሊያም ፈሳሽ ከአንጎል ፈሳሽ ጋር የሚገናኝበት ጠባብ መንገድ አለው። የውስጥ ጆሯቸው ሲፈጠር የተበላሸ ልጆች ደግሞ፣ መሣሪያ ሳይተከልላቸውም እንኳ፣ ለዚህ በሽታ ከሌሎች ይልቅ የተጋለጡ ናቸው።

3ኛ፤ በ2002 ስለ ታወቀው አደጋ

በ2002 መሣሪያ በተተከለላቸው ሰዎች ላይ ማጅራት ገትር መታየቱ በአውሮፓና በአሜሪካ ተሰማ። በሐምሌ ወር የአሜሪካው ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለሐኪሞችና ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ከመሣሪያዎቹ መካከል አንዱ፣ ሽቦውን ወደ ኮክሊያ ግድግዳ የሚያስጠጋ ትንሽ የላስቲክ ሽብልቅ የሚጨመርበት ነበረ፤ ያም ሽብልቅ በዚያው ወር ከገበያ ተነሣ።

ከዚህ በኋላ የመንግሥት ሊቃውንት ነገሩን በቍጥር መረመሩ። ከ1997 እስከ 2002 በአሜሪካ ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው መሣሪያ የተተከለላቸውን 4,264 ልጆች ታሪክ ተከታተሉ፤ ከእነዚህም 26ቱ ማጅራት ገትር እንደ ያዛቸው፣ አንዳንዶቹም ከአንድ ጊዜ በላይ ታመው በጠቅላላው 29 ጊዜ እንደ ደረሰ አገኙ። በኒሞኮከስ የመጣው ማጅራት ገትር ተለይቶ ሲታሰብ፣ 100,000 እንዲህ ያሉ ልጆች አንድ ዓመት ቢጠበቁ 138 ያህል ይታመሙ ነበር ማለት ነው። ይህም በዚያው ዕድሜ ካሉት ከሌሎቹ የአገሪቱ ልጆች ከ30 እጥፍ ይበልጣል። ሽብልቁ ያለባቸው ልጆች ከሌላቸው ይልቅ አብዝተው ታመሙ፤ ሆኖም ሽብልቅ የሌላቸውም ከአደጋው ፈጽመው ነጻ አልነበሩም። ውጤቱ በ2003 ታተመ። በ2006 የወጣው ተከታይ ምርመራ ደግሞ፣ ይልቁንም ሽብልቅ ባለባቸው ልጆች ላይ፣ አደጋው መሣሪያው ከተተከለ ከሁለት ዓመት በኋላም እንደሚቈይ አስረዳ።

አንባቢ ከዚህ ቍጥር ሁለት ነገር ማስተዋል ይገባዋል። መጀመሪያ፣ ከ4,264 ልጆች 26 መታመማቸው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ በፍርሃት ብቻ መሣሪያውን መተው አይገባም። ሁለተኛ፣ አደጋው ጥቂቶችን ቢያገኝም ያገኘውን ሊገድል ይችላልና፣ መከላከያ እያለ ችላ ማለት ታላቅ ስንፍና ነው። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣኖች በ2002 መሣሪያ ያለው ወይም የሚተከልለት ሁሉ የኒሞኮከስ ክትባት እንዲከተብ መከሩ፤ የእንግሊዝም መንግሥት እንዲሁ አደረገ።

4ኛ፤ ስለ ክትባቱ ጠባይ

ክትባት የሚለው ቃላችን ከተበ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ክታብም ከዚሁ ሥር ይወለዳል። ክታብ በአንገት ይታሰራል፤ ክትባት ግን በሰውነት ውስጥ ይጻፋል ቢባል ያስኬዳል፤ ሰውነት የጠላቱን መልክ አስቀድሞ እንዲያውቅ ያስተምረዋልና። የክትባትን ኀይል ለሽማግሎቻችን ብዙ መንገር አያሻም። አገር ያጠፋ የነበረው ፈንጣጣ በክትባትና በብርቱ ክትትል በ1976 ከኢትዮጵያ ጠፍቶ፣ በ1980 ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ ታውጇል።

ኒሞኮከስ ከስኳር ወገን የሆነ ልባስ ለብሷል፤ ይህም ልባስ ከሰውነት ጠባቂዎች ይሰውረዋል። የልባሱ ዓይነት ከ100 ይበልጣል። ክትባቱ የሚሠራው ከዚሁ ልባስ ነው፤ ሕያው ተሐዋሲ የለበትምና በሽታውን ሊያመጣ አይችልም። በ1983 የ23 ዓይነት ልባሶችን የያዘ ክትባት ተፈቀደ። ነገር ግን ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ሰውነት የስኳሩን ልባስ ለብቻው ቢቀበል በሚገባ አይማርበትም። ስለዚህ ሊቃውንት ልባሱን ከፕሮቲን ጋር አጣምረው ለሕፃናት የሚጠቅም ሌላ ክትባት አዘጋጁ፤ ይህም ፒ.ሲ.ቪ. የሚባለው ነው። በአሜሪካ በ2000 የ7 ዓይነት፣ በ2010 የ13 ዓይነት ልባስ የያዘው ተፈቀደ፤ ከ2021 ጀምሮም 15ና 20 ዓይነት የያዙት፣ በ2024 ደግሞ ለአዋቂዎች 21 ዓይነት የያዘው ተጨመሩ።

5ኛ፤ ስለ አከታተቡ ሥርዓት

ከሁሉ የሚበልጠው ትእዛዝ ይህ ነው፤ ክትባቱ ከቀዶ ሕክምናው ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ መፈጸም አለበት። ሰውነት መከላከያውን ለማዘጋጀት ጊዜ ይፈልጋልና፣ ሐኪሙ ጆሮውን በሚከፍትበት ቀን ጠባቂው ቀድሞ መቆም ይገባዋል። ሳይከተብ መሣሪያ የተተከለለት ሰው ግን ጊዜው አልፏል ብሎ መተው አይገባውም፤ አደጋው ለብዙ ዓመታት ስለሚቈይ በማናቸውም ጊዜ ቢከተብ ይጠቀማል።

በአሜሪካ ያለው ደንብ እንዲህ ነው። ሕፃን በመጀመሪያ ለዕድሜው የተወሰነውን የፒ.ሲ.ቪ. ክትባት በተራ ይፈጽማል። 13 ወይም 15 ዓይነት የያዘውን ፈጽሞ ከሆነ፣ ሁለት ዓመት ከሞላው በኋላ፣ ከመጨረሻው ክትባት ቢያንስ 8 ሳምንት ቈይቶ፣ የ23 ወይም የ20 ዓይነቱን አንድ ጊዜ ይጨመርለታል። በተራው 20 ዓይነት የያዘውን ከተከተበ ግን ሌላ አያስፈልገውም። ከዚህ በፊት ያልተከተበ አዋቂ የ20 ወይም የ21 ዓይነቱን አንድ ጊዜ ቢከተብ ይበቃዋል፤ ወይም የ15 ዓይነቱን ተከትቦ ከ8 ሳምንት በኋላ የ23 ዓይነቱን ይከተባል። የሚገኘው የክትባት ዓይነት በየአገሩ ይለያያልና፣ በየትኛው ተራ እንደሚሰጥ የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ክትባቱ በክንድ ወይም በጭን ይወጋል እንጂ ጆሮንም መሣሪያውንም አይነካም። ከተወጋ በኋላ ቦታው ጥቂት ሊያብጥና ሊቀላ፣ ሕፃኑም ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ሊያተኵስ ይችላል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ በራሱ ያልፋል።

6ኛ፤ ክትባት ቢኖርም መጠንቀቅ ስለ ማስፈለጉ

ክትባቱ ብዙ ይከላከላል እንጂ ሁሉን አይከላከልም። ያልያዛቸው የልባስ ዓይነቶች አሉ፤ ማጅራት ገትርንም የሚያመጡ ሌሎች ተሐዋስያን አሉ። ስለዚህ መሣሪያ ያለው ልጅ ጆሮውን ሲያመው ወይም መግል ሲወጣው፣ በቤት የሚደረግ መድኃኒት ጆሮው ውስጥ ሳይጨመር፣ በዚያው ቀን ለሐኪም መታየት አለበት።

ብርቱ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የአንገት መድረቅ፣ ማስታወክ፣ ብርሃንን መፍራት፣ መደንዘዝ፣ የአእምሮ መቃወስ ወይም መንቀጥቀጥ የማጅራት ገትር ምልክቶች ናቸው። በጨቅላ ሕፃን ላይ የአንገት መድረቅ ላይታይ ይችላል፤ ጡት እንቢ ማለት፣ ያለ ማቋረጥ መነጫነጭ፣ መዛል፣ የእርግብግቢትም ማበጥ ግን ይታያል። ምልክቶቹ ሁሉ እስኪሟሉ አይጠበቅም። በሽታው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላልና፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሕክምና ቦታ መውሰድ፣ እንደ ደረሱም፦ ልጁ በጆሮው ውስጥ የተተከለ መሣሪያ አለው ብሎ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል።

7ኛ፤ ይህ ነገር አገራችንን ስለሚነካበት

የዚህ መሣሪያ ባለቤቶች በገጠራችን ብዙ ባይሆኑም፣ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የሳንባ ምች ክትባት በአገራችን ለሕፃናት ሁሉ መሰጠት የተጀመረው በ2011፣ በእኛ አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. ነው። ክትባቱ ሦስት ጊዜ፣ ይኸውም ሕፃኑ በተወለደ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት እንዲሰጥ ተደንግጓል። ይህ ክትባት ከሳንባ ምች ብቻ ሳይሆን በኒሞኮከስ የሚመጣው ማጅራት ገትር ከሚያስከትለው የጆሮ መደንቈርም ለመጠበቅ ይረዳል። እንግዲህ ሦስቱንም ተራ የፈጸመ ሕፃን ከዚህ አደጋ በእጅጉ ይጠበቃል፤ ፈጽሞ ግን ነጻ ይሆናል ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። በበጋ ወራት በወረርሽኝ መልክ የሚነሣው ማጅራት ገትር በአብዛኛው ሜኒንጎኮከስ ከሚባል ከሌላ ተሐዋሲ የሚመጣ ነው፤ ክትባቱም ሌላ ነው። ስለዚህ በዘመቻ ጊዜ አንዱን የተከተበ ሰው ሌላውን እንደ ተከተበ አይቈጠርም።

ደግሞም ማጅራት ገትር ያደነቈረው ልጅ ለመሣሪያ ተከላ የታሰበለት እንደ ሆነ መዘግየት ይጐዳዋል። ከበሽታው በኋላ ኮክሊያው በጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ውስጥ አጥንት ሊሞላበት ይችላል፤ አጥንት ከሞላም ሽቦውን ማስገባት ይከብዳል። ስለዚህ ከማጅራት ገትር የተነሣ ልጅ ሁሉ ሳይዘገይ የመስማት ምርመራ ሊደረግለት ይገባል። ስሙ ተጠርቶ ዝም የሚለውን ልጅ ሰነፍ ወይም ልበ ደንዳና ከማለት በፊት መስማቱን ማስመርመር የመምህር ተግባር ነው።

8ኛ፤ መምህራንና ሽማግሎች ሊያደርጉት የሚገባ

መምህር መሣሪያ ያለው ተማሪ ቢመጣለት ወላጆቹን ስለ ክትባት ካርዱ ይጠይቅ፤ ካርዱ ካልተሟላ ወይም ከጠፋ ወደ ጤና ጣቢያ ይላካቸው። የሕመሙን ምልክቶች በትምህርት ቤቱ ላሉት ሁሉ ያስታውቅ። ልጁ ራስ ምታትና ትኩሳት ቢይዘው፦ ተኛና ይሻልሃል ብሎ ብቻውን ወደ ቤቱ አይስደደው፤ ለወላጆቹ ፈጥኖ ይላክባቸው።

ሽማግሎች ደግሞ በጐረቤትና በዘመድ ዘንድ ቃላቸው ይሰማል። አንዳንድ ሰው፦ ልጄ በሕፃንነቱ ተከትቧል፤ ዛሬ ስለ ምን ይደገማል? ይል ይሆናል። መልሱ ይህ ነው፤ የሕፃንነቱ ክትባት ለሁሉ የሚሰጥ መሠረት ነው፤ መሣሪያ ያለው ልጅ ግን አደጋው ስለሚበዛበት ተጨማሪ ጥበቃ ሊያስፈልገው ይችላል። ሌላው ደግሞ፦ መሣሪያው ከተተከለ ዓመታት አልፈዋል፤ ምንም አልነካውም ይል ይሆናል። ለዚህም፣ ቤቱ እስከ ዛሬ አልተዘረፈም ተብሎ በሩ ሳይቈለፍ አይታደርም ብሎ መመለስ ይቻላል። ልጁን ወደ ውጭ አገር ልኮ ለማሳከም የሚሰናዳ ቤተ ሰብም፣ የመንገዱንና የሕክምናውን ወጪ ሲያስብ፣ ክትባቱን ከሁለት ሳምንት በላይ አስቀድሞ እንዲያስፈጽም ይምከሩት። በልዩ ልዩ አገር የመረመሩ ሐኪሞች፣ መሣሪያ ካላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ክትባታቸውን ሳይፈጽሙ እንደሚገኙ አስተውለዋል። ይህም የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ በክፋት ሳይሆን የጆሮው ሐኪም ለክትባት ሰጪው፣ ክትባት ሰጪውም ለጆሮው ሐኪም ስለሚተወው ነው። በሁለቱ መካከል የሚጠይቅ አንድ ሰው ቢገኝ ነገሩ ይቃናል።

እንግዲህ ባጭሩ፣ ከተከላው በፊት መከተብ፣ የጐደለውን ተራ መሙላት፣ የታመመን ጆሮ ሳይዘገዩ ማሳከም፣ የማጅራት ገትርን ምልክት ባዩ ጊዜ ወደ ሐኪም መሮጥ፣ እነዚህ አራት ነገሮች በቃል ሊያዙ የሚገባቸው ናቸው። በብዙ ድካምና ወጪ የእናቱን ድምፅ ለመስማት የበቃ ልጅ፣ በአንድ መርፌ ሊከለከል በሚችል በሽታ እንዳይሞት መጠንቀቅ የወላጅ ብቻ ሳይሆን የመምህሩም፣ የሽማግሌውም፣ የሐኪሙም የጋራ ዕዳ ነው።